ሃያ አራተኛው ጥያቄ

ፅገ እንደ ወትሮዋ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣች። የውሃ ጋሪው ገና አልመጣም ነበር፤ በር ሥር ካለው የሸክላ ዚር የቀረውን ቀድታ ፊቷን ታጠበች፣ በተረፈው ሻይ ጣደች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በገመድ የተጠለፉ ሁለት አልጋዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መብራት ሲኖር ብቻ የሚዞር ማራገቢያ፣ በሚስማር የተሰቀለ የልብስ ፌስታል። ልጇ ክብርኣብ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እግሩ ካልጋው አልፎ በሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቀስቅሳ ስኳር እንዲገዛ ላከችው። ሲመለስ «ጨምሯል» አለ። «ስንት?» «ሁለት መቶ።» «በአንድ ርጥል?» «በርጥል፣ ወላሂ።» «አይ እንግዲህ» አለችና ሻዩን ቀዳች። አባቱ ኣረጋዊ በሀዋታ መንገድ ሎሪ ተገልብጦ ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ስለ እሱ የሚነጋገሩት ትንሽ ነው፤ ስለ ስኳር ግን ብዙ ይነጋገራሉ።

ክብርኣብ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ መዳፉን አየችው። ከጣቶቹ ሥር የዝገት ቀለም ነበረበት፤ ትናንትም ነበረበት። የሐበሻው ሰፈር ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱት እንዴት እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ትምህርት ቤቱ ከከተማው ማዶ፣ ከእህል ገበያው ባሻገር ነው፤ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ በየቀኑ ለባለ ሦስት እግሩ ራክሻ የሚከፍል ቤተሰብ ደግሞ የለም። ጥቅምት ሲገባ ከቁረይሻ በኩል ሰሊጥ የጫኑ ሎሪዎች ከንጋት ጀምሮ ይጎርፋሉ። ትልቁ የእህል ጎተራ አጠገብ ካለው መጠምዘዣ ሲደርሱ ፍጥነት ስለሚቀንሱ ልጆቹ እዚያ ጠብቀው የኋላውን ብረት ይዘው ይንጠለጠላሉ። ሲመለሱም እንዲሁ። ባለፈው ወር አንድ ልጅ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። እንደዚያም ሆኖ እያንዳንዷ እናት የሚንጠለጠሉት የሌላ ሰው ልጆች እንደሆኑ ታምናለች። ክብርኣብ «ጓደኛዬ በአጎቱ ራክሻ ይወስደኛል» ብሏት ነበር፤ እሷም «ደግ» ብላው ነበር፤ ነገሩ እዚያ ላይ ቆሟል።

ፅገ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና የተማረች ሴት ናት። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ለአንድ የጤና ድርጅት መጠይቅ ታስሞላለች። የዛሬው ስለ ወጣቶች ጤና ነው፤ ስለ ሲጋራ፣ ከንፈር ሥር ስለሚያዘው ትምባሆ ስለ ቶምባክ፣ ስለ ሺሻ፣ ስለ ጠብ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ቁርስ። ሃያ ሦስቱ ጥያቄዎች ተዘጋጅተው ከሩቅ የመጡ ናቸው። ሃያ አራተኛውን የጨመረችው እሷ ናት፦ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ በሚሄድ ሎሪ ላይ ተንጠልጥለሃል ወይ? አለቃዋ ዶክተር ሐናን ከኻርቱም ጦርነቱን ሸሽታ የመጣች፣ ስትራመድም ስትናገርም ፈጣን የሆነች ሱዳናዊት ናት። ጥያቄውን አንብባ፣ «ድርጅቱ ለአንድ ዓመት አንድ የተማሪ አውቶቡስ ይከራያል» አለቻት። «ሀዋታም ጠይቋል፣ እናንተም ጠይቃችኋል። ከልጆቹ ግማሹ እንጠለጠላለን ካሉ ለእናንተ ነው።» ፅገ ያን ሌሊት ደስ ብሏት ተኛች። ነገር ግን ለሙከራ ሰባት ልጆች ሞልተው በእጇ ሲሰጧት ሰባቱም ጻድቅ ሆነው ተገኙ። ሲጋራ ሲጋራ የሚሸት ወረቀት ላይ ሳይቀር «አጭሼ አላውቅም» ይላል። የእናቶቻቸው ሁሉ ወዳጅ ለሆነች ሴት ማን እውነቱን ይጽፋል? ስለዚህ ስም የማይጻፍበት ወረቀትና የሚቆለፍ ሣጥን ይሁን ተባለ። ወረቀቱ መጣ። ሣጥኑ መንገድ ላይ ቀረ።

ክብርኣብን ከሸኘች በኋላ የሚቆለፍ ሣጥን ፍለጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጋሼ ጋረደው የመተማ ሰው ናቸው፤ ለሁሉም ነገር መልስ አላቸው፣ መልስ ለሌለው ነገር ደግሞ ዕቃ አላቸው። «አዲሱ የብረት ሙዳየ ምጽዋት ከመጣ ወዲህ አሮጌው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል» አሉና ከመጋረጃ ጀርባ አወጡት። ሰማያዊ የተቀባ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ከላይ ቀዳዳ አለው፣ ከፊት ለፊቱ ልጇን የታቀፈች ማርያም ተስላበታለች።

«ጋሼ፣ ስለ ሺሻ የሚጻፍ ነገር እኮ ነው የሚገባበት።»

«ይግባ። እሷ ስንቱን የሰማች መሰለሽ!» ቁልፉን በማተብ ክር አስረው አንገቷ ላይ አጠለቁላት። «ብቻ አደራሽን፣ መሬት እንዳታስቀምጭው።»

በዚህ የተነሣ ፅገ ራክሻ ውስጥ የማርያምን ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋ ከተማውን አቋረጠች። ፉል ቤቱ ጋ መንገድ ሲዘጋጋ አንዲት የትግራይ እናት ሥዕሉን አዩና ራክሻውን በእጃቸው አስቆሙ፤ ሣጥኑን ሳሙ፣ ምንም ሳይጠይቁ አንድ የተጣጠፈ ብር በቀዳዳው ጨመሩ፣ ሄዱ። ሱዳናዊው ሹፌር በመስታወቱ ሲያይ ቆይቶ፣ «ያ ኡስታዛ፣ ይህን ሥራ በየቀኑ የምትሠሪው ከሆነ እኔን በወር ቅጠሪኝ» አላት። ፅገ ሳቀች። አቧራውን ፈርታ ሻሿን በሣጥኑ ላይ ጣል አደረገችበት።

ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ልጆች ነበሩ። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም፤ ከውጭ የሚገባው የሰሊጥ ገለባ ሽታና የአህያ ጩኸት ነው። ክብርኣብ ኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ በእሱ በኩል ላለማየት ተጠነቀቀች። እርሳስና ላጲስ አደለች፣ ስም እንደማይጻፍ ነገረቻቸው፣ የሞላ ሰው አጥፎ ሣጥን ውስጥ እንደሚጨምር ነገረቻቸው። ብዙም ሳይቆይ የምንይችል እጅ ወጣ። ምንይችል አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የታችኛው ከንፈሩ ሁልጊዜ እንዳበጠ ነው፣ ቶምባኩን የሚያስቀምጠው እዚያ መሆኑን የማያውቅ አስተማሪ የለም።

«ኻላ ፅገ፣ አራተኛው ‹ቁርስ ሳትበላ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ ወይ› ይላል። እዚህ አገር ከአራት ሰዓት በፊት የሚበላ ሰው አለ እንዴ?»

«የምታደርገውን ጻፍ።»

«አዎ ካልኩ ታማሚ ነኝ ማለት ነው?»

«ሱዳን በሙሉ ታማሚ ነው ማለት ነው» አለች ከፊት የተቀመጠችው ኮከብ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ገዳሪፍ የተወለደች፣ ንግግሯ እንደ ዐቃቤ ሕግ የሆነ ልጅ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እርሳሶቹ ፈጠኑ፤ ከሚገባው በላይ ፈጠኑ። ፅገ ከጠረጴዛው ሆና የእጆቻቸውን አሄድ ስታይ ገባት፤ ልጆቹ አያነቡም፣ ከላይ እስከ ታች «የለም፣ የለም፣ የለም» እያሉ እየወረዱ ነው። አውቶቡሱ ሀዋታ ሲገባ ታያት። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ጨረሱ። ፅገ ተነሥታ ሻሿን ከሣጥኑ ላይ አነሣች።

ምንይችል የመጀመሪያው ነበር። ወረቀቱን አጥፎ እየተንጎራደደ መጣ፤ ሣጥኑ ፊት ሲደርስ ቆመ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

«ምን ሆንህ?»

«ኻላ፣ ማርያም ናት እኮ።»

«ሣጥን ነው፣ ልጄ።»

«ሣጥንስ ሣጥን ነው፤ ግን እሷ ናት።» ጆሮውን አከከ። «እኔ ደግሞ የጻፍኩት ውሸት ነው።»

«ታዲያ እውነቱን ጻፋ!» አለች ኮከብ።

«ቶምባክ እወስዳለሁ ብዬ? ለማርያም?»

«የደበቅሃት መስሎህ ነው? ከንፈርህን አታየውም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ግን ከወንበሩ የተነሣ ልጅ የለም። ሁሉም ወረቀቱን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጣል። ኮከብ ተነሥታ ፊቷን ወደ ጓደኞቿ አዞረች። «ስሙ፣ እውነቱን ጽፎ ዝም ብሎ መጨመርማ ድፍረት ነው። ‹እንጠለጠላለሁ፣ ነገም እንጠለጠላለሁ› ብላችሁ ለእሷ? እንዲህ አይባልም። ስለት ነው መሆን ያለበት። የጻፈ ሰው ይተዋል፣ ኻላስ፣ በቃ! በሚቀጥለው ሳምንት ኅዳር ጽዮን ነው፣ ቀኑም ደርሷል።» ከዚያ ወደ ፅገ ዞራ በትሕትና ጠየቀች፤ «ኻላ፣ ስለቱ የት ጋ ነው የሚጻፈው?»

ፅገ አፏን ከፈተች። የተማረችው ሁሉ ምን ማለት እንዳለባት ያውቃል፤ ይህ ስለት አይደለም፣ ይህ ጥናት ነው፣ መልስ ሰጪ ሊገደድ አይገባም። ግን በዚያች ቅጽበት አንድ ላጲስ ወረቀት ሲያሽ ሰማች፤ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ የክፍሉ ሁሉ ላጲስ። ሠላሳ ስምንት ልጆች ውሸታቸውን እየፋቁ ነበር። ልትል ያሰበችውን ተወችው። «ከታች ‹ሌላ አስተያየት› የሚል ባዶ ቦታ አለ» አለች። ሣጥኑ ላይ ያለችው ሴት የታቀፈችውን ልጅ እንጂ እሷን አላየቻትም።

አሁን እርሳሶቹ ቀስ አሉ። አንዳንዱ ያስባል፣ ይጽፋል፣ ተነሥቶ ይሳለማል፣ ይጨምራል። ምንይችል ከመጨመሩ በፊት በመስኮቱ ወጥቶ ቶምባኩን ተፍቶ ተመለሰ፤ ሲጨበጨብለት እጅ ነሣ። ሁለት ልጃገረዶች ስለቱን ተማክረው ጻፉ። አንዱ «የፈተናውንም ልጨምር?» ብሎ ኮከብን አስፈቀደ፤ ኮከብም «አንድ ሰው አንድ ስለት» ብላ ከለከለችው። አራት ሰዓት ሲሆን ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ ወደ ፉሉ ሮጡ።

ፅገ በረንዳው ላይ ከዚሩ ውሃ ስትቀዳ ክብርኣብ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ወረቀቱ በአራት ታጥፎ እጁ ውስጥ ነበር።

«አልጨመርኩትም» አለ።

«ግዴታ አይደለም።»

«ስለት ነው ብለዋል። ስለት ገብቼ ካልቻልኩስ?» ጫማውን እያየ ነው የሚናገረው። «ሁለት ጊዜ ለራሴ ተውኩ ብዬ አውቃለሁ። ሎሪው ሲመጣ እጄ ይሄዳል። መንገዱም ሩቅ ነው፣ እማ።» ወረቀቱን ዘረጋላት። «ላንቺ ልስጥሽ አልኩ።»

ፅገ ተቀበለችው። አልከፈተችውም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የምትለው ብዙ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነው። የቀዳችውን ውሃ ሰጠችው። ጠጣ፣ ጣሳውን መለሰላት፣ ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

ዶክተር ሐናን ስድስት ሰዓት ሲቃረብ በድርጅቱ መኪና መጣች። ሥዕሉን አይታ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ፅገ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ከፈተች። የእናትየዋን ብር ለጋሼ ጋረደው ለይታ አስቀመጠች፤ ወረቀቶቹን ቆጠሩ። ሠላሳ ሰባት። «ሠላሳ ስምንት አልነበሩም?» «አንዱ አልጨመረም።» ዶክተሯ ሃያ አራተኛውን ጥያቄ እየፈለገች ገለጠች፤ አዎ፣ አዎ፣ አይደለም፣ አዎ። ሃያ ስድስት አዎ። «ማሻላህ!» አለች። «እንዲህ ያለ እውነት ከኻርቱም ጀምሮ አላየሁም። ከታች የጻፉት ምንድን ነው?»

ፅገ ለመዋሸት አልተፈጠረችም። ስለት ማለት ምን እንደሆነ አስረዳቻት፤ ከዛሬ ጀምሮ እንደማይንጠለጠሉ ለማርያም ቃል መግባታቸውን ነገረቻት። ዶክተር ሐናን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ዐይኗን ጠርጋ ደግሞ ወረቀቶቹን ደረደረች። «እንግዲያው ተገላገልን! ከተዉ አውቶቡስ ምን ያደርግላቸዋል? የሀዋታ ልጆች ማርያም የለቻቸውም፤ ለእነሱ እጽፈዋለሁ።»

«ዶክተር፣ መንገዱ እኮ አላጠረም።»

«ቃል ገብተዋል አላልሽም? ኡስታዛ፣ እኔ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉብኝ። ‹አደጋው አለ› ብዬ ነው ገንዘቡን የማወጣው። አንድም የሚንጠለጠል ልጅ ከሌለ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ቦርሳው የፅገ ጉልበት ላይ ነበር። ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ብታኖረው ነገሩ ያልቃል። እጇ ዚፑ ላይ ሄዶ ቆመ። ወረቀቱ የተሰጠው ለእናት እንጂ ለድርጅት አልነበረም። እጇን መለሰች። «በመኪናሽ ወደ ሰፈር አድርሽኝ» አለች፤ «መንገዱን እዪው።»

ተማሪ የሚለቀቀው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መኪናው ገበያውን አልፎ አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ልጆቹን አገኟቸው። በጠራራ ፀሐይ፣ በአንድ ረድፍ፣ የመንገዱን ዳር ይዘው በእግራቸው ይሄዳሉ። ኮከብ ከፊት ናት፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ሰሊጡን አራግፈው የሚመለሱ ባዶ ሎሪዎች ከአጠገባቸው ሲደርሱ ከልማድ ፍጥነት ይቀንሳሉ። አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «ያ ሐበሽ! ዛሬ ምን ነካችሁ? ተጣላን እንዴ?» ሲል ተሰማ። ምንይችል «ሂድ፣ ሂድ፣ አትፈትነን!» ብሎ በሁለት እጁ ሸኘው። ዶክተር ሐናን ሹፌሯን አስቆመችና በመስኮት ኮከብን ጠራቻት።

«እስከ መቼ ነው ስለታችሁ?»

«እስከ ዘላለም» አለች ኮከብ ላቧን እየጠረገች። ከዚያ ወደ ፊት ያለውን መንገድ አየች። «ግን ዘላለም እንዲህ ይረዝማል ብዬ አላሰብኩም።»

ዶክተሯ ሳቋን ዋጠች። መኪናው እንደገና ሊነሣ ሲል አንድ ባዶ ሎሪ በፍጥነት አለፋቸው። ከኋላው አንድ ልጅ ተንጠልጥሏል። በአንድ እጁ ብረቱን ይዟል፣ ሸሚዙ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። በእግር የሚሄዱት ጓደኞቹ እየጮሁ ሰደቡት፤ እሱም በሌላው እጁ ሰላም አላቸው።

«ያውና አንድ!» አለች ዶክተር ሐናን። «ያ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

ፅገ የመኪናውን በር እጀታ ጨብጣ ነበር። ሎሪው መጠምዘዣው ላይ እስኪደርስ፣ ፍጥነት እስኪቀንስ፣ ልጁ ዘሎ በሁለት እግሩ እስኪቆም ድረስ አልተነፈሰችም።

«የኔ» አለች።

ዶክተር ሐናን ወደ እሷ ዞራ አየቻት። ኣረጋዊ እንዴት እንደሞተ ታውቃለች፤ ድርጅቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። ማስታወሻዋን አወጣች፣ ጻፈች፣ ለሹፌሩ «ሂድ» አለችው። ሰፈር ሲደርሱ፣ «ከሰኞ ጀምሮ» አለች፤ «ጠዋትና ቀትር። ሀዋታን እኔ አነጋግራለሁ።»

ፅገ ሣጥኑን ለጋሼ ጋረደው መለሰች። ተቀብለው ገረፍ ገረፍ አድርገው አቧራውን አራገፉ። «ስንት ሰው ሰጠ?» «ሠላሳ ሰባት።» «በአንድ ቀን? ምነው እኛ ዘንድ እንዲህ አይሰጡ!» አሉና የታጠፈውን ብር ተቀብለው አዲሱ ሣጥን ውስጥ ጨመሩት።

ቤት ስትገባ ክብርኣብ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር፤ ማንም ሳይነግረው። ፉሉን አሞቀች፣ ዘይት ጨመረችበት፣ ከአንድ ሳሕን በሉ። ዳቦው ሲያልቅ ቀና ብሎ ሳያያት ጠየቀ።

«አየሽኝ?»

«አየሁህ።»

ውጭ የውሃ ጋሪው ደወል አለፈ።

«ሰኞ አውቶቡስ ይመጣል» አለች።

«ስለት ላልገባም ቦታ አለው?»

«አለው። እጅህን ግን ታጥበህ ትገባለህ።»

ሳቀ። አባቱ ሲስቅ እንደሚያደርገው አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ፤ ይህን ልትነግረው ፈለገች፣ ነገረችውም። ሳቁን አቆመና አያት፤ «እውነት?» አለ። «እውነት» አለችው። ሳሕኑን አነሣ።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ሪፖርቱን ጻፈች። ከሣጥኑ ያልወጣ ወረቀት አይቆጠርም፤ ደንቡ ነው። የሞሉ፣ ሠላሳ ሰባት። ተንጠልጥለው የሚያውቁ፣ ሃያ ስድስት። አንድ ልጅ ይጎድላል።